ሥራ ላይ ያለ ወላጅ ለልጁ ማሳደጊያ ከመንግሥት ምን መጠየቅ ይችላል? ለእንጅባራ፣ ለዳንግላና ለአካባቢው ወላጆች

ጨቅላ ልጅ ይዘው ወደ ጤና ተቋም የሚመጡ እናቶች ክትባቱን አስከትበው፣ ክብደቱን አስመዝነው ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ዶክተር፣ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ልጁን ለማን ልተወው? መንግሥት ለሞግዚት ይከፍላል የሚባለውስ እውነት ነው?» ወሬው መነሻ አለው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ የሚነግሩን ነው። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ የሚሠሩ ወላጆች ለልጅ ማቆያ ብለው በተለየ ሒሳብ 8 ፓውንድ ሲያስገቡ መንግሥት 2 ፓውንድ ይጨምርላቸዋል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድጎማ የለም። ለሞግዚት ወይም ለሕፃናት ማቆያ ከፍለው ደረሰኙን አቅርበው ገንዘብ የሚያስመልሱበት የመንግሥት ቢሮ እንጅባራም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም አያገኙም። ልጅ ስላለዎትም ከደመወዝ ግብርዎ የሚቀነስልዎ ነገር የለም። «የልጅ ድጎማ ቅጽ ላስሞላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት አይስጡት።

ይህ ማለት ግን የሚጠየቅ ነገር የለም ማለት አይደለም። እርዳታው የሚመጣው በሌላ መልክ ነው፦ ደመወዝ ሳይቋረጥ በሚሰጥ የዕረፍት ቀን፣ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በተዘጋጀ የሕፃናት ማቆያ ክፍል፣ እንዲሁም በነፃ በሚሰጥ ሕክምና። ለአብዛኛው ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው የሚወጣውም ከጤና ተቋም ነው። ጉዳዩ የሕግ ቢመስልም በጤና መረጃ ገጽ ላይ ያነሣነው ለዚህ ነው።

የወሊድ ፈቃድ፦ 90 ቀን ወይስ 120?

አሁንም ድረስ «የወሊድ ፈቃድ ሦስት ወር ነው» የሚሉ አሠሪዎች አሉ፤ እናቶችም ያምኗቸዋል። ያ የድሮው ሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን ጋር 120 ይሆናል፤ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ይህ አዋጅ የግል ትምህርት ቤት መምህራንን፣ የግል ክሊኒክና የፋርማሲ ሠራተኞችን፣ የሆቴል፣ የባንክና የፋብሪካ ሠራተኞችን ይመለከታል።

ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ፈቃዱን 120 ቀን አድርጎታል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። እነዚህ ሕጎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ እርግዝናው እንደታወቀ የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል አሁን በሥራ ላይ ያለውን አንቀጽ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የሁሉም መሠረት ግን አንድ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላቸው የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

በግል ድርጅት ውስጥ የፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። እንደ ሌሎች አንዳንድ አገሮች ወጪውን የሚጋራ የመድን ፈንድ የለም። አምስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ለአንዷ አራት ወር ከፍሎ ምትክ ሲቀጥር ሸክሙ እንደሚሰማው አልክድም። እናትየዋ ግን በዚህ ምክንያት መብቷን የመተው ግዴታ የለባትም።

አባትስ? በአዋጅ 1156 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ያገኛል። ጥቂት ነው፤ ሆኖም ብዙ አባቶች መኖሩንም አያውቁም። ምጥ በተያዘበት ቀን «ፈቃድ ከለከሉኝ» ብለው ባለቤታቸውን ለጎረቤት አደራ የሚሰጡ ባሎች አሉ፤ ጥያቄውን ቀድመው በጽሑፍ ቢያቀርቡ ይሻላል።

ከሐኪም የሚወሰድ ማስረጃ

የወሊድ ፈቃድ በአፍ አይጠየቅም። የሚያስፈልገው የመውለጃ ቀን ግምት የተጻፈበት የሕክምና ማስረጃ ነው፤ ይህን ግምት በትክክል ለማውጣት ደግሞ የእርግዝና ክትትል በጊዜ መጀመር አለበት። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ እናት በሰባተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ የምንሰጣት ቀን በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከመጣች ግን አልትራሳውንድ ቀኑን በጣም አቅርቦ ይነግረናል። የግምቱ ስሕተት የፈቃድ ቀኗን ይነካል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ቅድመ ወሊድ 30 ቀኑ ሳያልቅ ከወለደች ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ የሚቆጠረው ከወለደችበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በተቃራኒው 30 ቀኑ አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል።

ከዚህ ሌላ ብዙ እናቶች የማይጠይቋቸው፣ በሐኪም ወረቀት የሚገኙ መብቶች አሉ። አንደኛው፣ ለእርግዝና ክትትል የሚሄዱበት ጊዜ ከደመወዝ ጋር ነው፤ ክትትሉን ስለማድረግዎ ከተቋሙ ማስረጃ ወስደው ለአሠሪው ይስጡ። ሁለተኛው፣ ደም ግፊት፣ መድማት ወይም ያለጊዜው የመውለድ ሥጋት ኖሮ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘ ይህ ዕረፍት ከ120 ቀኑ በፊት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሦስተኛው፣ ሥራው ለእናቲቱ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለባት። አራተኛው፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜና በትርፍ ሰዓት እንድትሠራ አትገደድም። የሆቴል ሠራተኞች ይህን ልብ ይበሉ። 90 ቀኑ ካለቀ በኋላም እናቲቱ ከታመመች በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፤ በአዋጁ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው።

ወረቀቱን ሲቀበሉ ስምዎ በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መባሉን፣ ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ቀን ተጽፎ በሰው ሀብት ክፍል የተመለሰ ማስረጃ ለማስተካከል ነፍሰ ጡር ሴት ከአገው ግምጃ ቤት እንጅባራ ስትመላለስ ማየት ያሳዝናል። ቅጂ ያስቀሩ፤ ለአሠሪው ሲያስገቡም የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ይፈርምልዎ።

ልጁ ከተወለደ በኋላ የወለዱበት ተቋም የልደት ማሳወቂያ ይሰጥዎታል። ያንን ይዘው በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው ልደቱን ያስመዝግቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ሕፃኑ በቤተሰቡ የአባልነት ደብተር ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ። ያልሰፈረ ልጅ በሌሊት ሳል ይዞት ሲመጣ ክርክሩ መዝገብ ክፍል መስኮት ላይ ይሆናል።

የ90 ቀኑና የ6 ወሩ ልዩነት

ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳይሰጠው የጤና ሚኒስቴርም የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራሉ። እናት ግን ሕፃኑ 3 ወር ሲሆነው ሥራ ትገባለች። የቀረውን ሦስት ወር የሚሸፍን ሕግ የለም። አዋጅ 1156 ለማጥባት የሚሆን የሥራ ሰዓት ዕረፍት በስም አላስቀመጠም፤ ከአሠሪው ጋር መስማማት ይጠይቃል።

በዚህ ክፍተት ውስጥ የምናየው ተመሳሳይ ነው። በሦስት ወሩ የላም ወተት ይጀመራል፣ ወይም የጣሳ ወተት ተገዝቶ ቶሎ እንዳያልቅ ሲባል ቀጥኖ ይበጠበጣል። በጡጦ ይሰጣል፤ ጡጦው በደንብ አይፈላም። በአምስተኛው ወር ልጁ ተቅማጥ ይዞት፣ ክብደቱ ወርዶ ይመጣል። እናትየዋ ሥራ ቀርታ ታስታምማለች፤ ለሕክምናና ለመድኃኒት የወጣው ገንዘብ ሲደመር ለአንድ ጥሩ ልጅ ያዥ ከሚከፈለው አይተናነስም።

ክፍተቱን ለማጥበብ የሚረዱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድን ማቆየት ነው። በአዋጅ 1156 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ያገኛል፤ አገልግሎት ሲጨምር ይጨምራል። በእርግዝናው ወራት ሳይነኩት ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ቢያያይዙት ሦስት ሳምንት ያህል ይገኛል። አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ስለሚያወጣ ስምምነቱን ከመውለድዎ በፊት በጽሑፍ ያድርጉት።

ሁለተኛው ወተት አልቦ ማስቀመጥ ነው። ብዙ እናቶች ሲሰሙት ይሸማቀቃሉ፤ «ወተቱ ይበላሻል፣ ቡዳ ይበላዋል» የሚሉ አያቶችም አሉ። አይበላሽም። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ በፈላ ውሃ የተቀቀለ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ በእጅ ማለብ ይቻላል። በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ሆኖም ወተቱን ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ካስቀመጡት ቅዝቃዜው አያድነውም። ሲሞቅም እሳት ላይ አይጣድ፤ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒና ማንኪያ ይስጡ። ማለቡን ሥራ ከመግባትዎ ሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ፤ እጅዎም ይለምዳል፣ ልጁም ከሌላ ሰው እጅ መውሰድ ይለምዳል። ማታና ሌሊት ደግሞ እንደልቡ ይጥባ፤ የሌሊት ጡት ወተቱ እንዳይደርቅ ይረዳል።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። ዳንግላም እንጅባራም ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ቤት ደርሶ ማጥባት ወይም ልጅ ያዥዋ ሕፃኑን መሥሪያ ቤት ድረስ እንድታመጣ ማድረግ አዲስ አበባ ውስጥ የማይታሰብ፣ እዚህ ግን የሚቻል ነገር ነው። አሠሪዎች ይህን ቢከለክሉ የሚያተርፉት አይታየኝም።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ

የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። በአዲስ አበባ በርካታ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከፍተዋል፤ የከተማው አስተዳደርም በቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራሙ የሕፃናት ማቆያዎችን እያስፋፋ ነው። በዞንና በወረዳ ግን ትእዛዙ እንደየመሥሪያ ቤቱ አቅምና ፈቃደኝነት ነው የሚፈጸመው። ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታልን የመሰሉ ብዙ ሴት ሠራተኞች ያሏቸው ተቋማት ለዚህ የመጀመሪያ ተጠያቂዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ነርሶችና አዋላጆች የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ።

መሥሪያ ቤትዎ ማቆያ ከሌለው ለብቻ ከመጠየቅ ጨቅላ ልጅ ያላቸው ሠራተኞች ስማቸውንና የልጆቻቸውን ዕድሜ ዘርዝረው፣ ነፍሰ ጡሮችንም ጨምረው፣ በአንድ ማመልከቻ ቢጠይቁ ይሻላል። አንድ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ውሃ፣ እጅ መታጠቢያና ሁለት ተንከባካቢ ለመነሻ ይበቃል። ግልባጩን ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያድርጉ።

ማቆያ ካገኙ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳውን አይተው አይመለሱ። ዳይፐር የሚቀየርበትና ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ የተለያየ ነው? ተንከባካቢዋ ዳይፐር ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች? ለአንዲት ተንከባካቢ ስንት ጨቅላ ይደርሳታል? ገና መቀመጥ ያልጀመሩ ሕፃናት ከሆኑ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ መያዝ የሚከብድ ይመስለኛል። ክፍሉ የሚሞቀውስ በምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አገር የሞት ጥያቄ ነው። በአዊ ከሰል በየቤቱ አለ፤ በፋግታ ለኮማ በኩል የዲከረንስ ከሰል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በክረምት ብርድ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ ልጅንም ሞግዚትንም ተኝተው እንዲቀሩ ያደርጋል። ከሰሉ በደንብ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ይህን ለሞግዚት በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ፤ አማርኛ የማትሰማ ከሆነች በአዊኛ የሚያስረዳት ሰው ይፈልጉ።

ብዙ ሕፃናት አብረው ሲውሉ ጉንፋንና ተቅማጥ መመላለሱ አይቀርም። ከባዱን የሚከላከለው ክትባት ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት፣ የሳንባ ምችና የሮታ ተቅማጥ መከላከያ ያሉባቸው፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር የኩፍኝ ክትባት። ሁሉም በመንግሥት ተቋማት ነፃ ናቸው። በመንገድ መዘጋት ወይም በሌላ ምክንያት ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ «አለፈው» ተብሎ አይተውም፤ ካርዱን ይዘው ይምጡ፣ ከቆመበት እናስቀጥላለን።

ደመወዝተኛ ላልሆኑ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የቅጥር ውል ላላቸው ነው። በዳንግላ ገበያ ድንች ወይም ሽንኩርት ለምትሸጥ፣ በቀን ሥራ ለምትውል፣ በገበሬ ማሳ ለምታርም እናት የወሊድ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ልጅ ያዥ ሆና የምትቀጠረው የቤት ሠራተኛ እንኳ በአዋጅ 1156 አልተሸፈነችም፤ የሰው ልጅ አዝላ የራሷን ስትወልድ ሥራዋን የምታጣ ብዙ ነች።

ሕፃናቱን የሚይዘው አያት ነው፣ ወይም ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናት እህት። እህት ልጅ ስትይዝ ከትምህርት ትቀራለች፤ ለእሳትና ለፈላ ውሃም ሁለቱም ይጋለጣሉ። ወደ እኛ ከሚመጡት የሕፃናት ቃጠሎዎች ውስጥ ትልቅ ሰው በሌለበት የደረሰው ጥቂት አይደለም። ገበያ የሚውሉ እናቶች ተራ ገብተው አንዷ የሁሉንም ልጆች ብትይዝ፣ የዕለት ገቢዋን ሌሎቹ ቢያዋጡላት፣ በዕድርና በዕቁብ የለመድነው አሠራር ነው። ልጁ ዕድሜው 5 ወይም 6 ሲሆን በአቅራቢያ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ማስመዝገብ ይቻላል፤ የልደት ማስረጃው እዚህም ይጠየቃል።

ዘመዶችዎ በዋግ ኽምራ ወይም በሰሜን ወሎ ሴፍቲኔት ውስጥ ካሉ ደግሞ ይንገሯቸው፦ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ነፃ ሆና እርዳታው ይቀጥልላታል። ይህም የእርግዝና ክትትል ካርድና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ልጅ ሲታመምና ከሥራ ሲያባርሩ

ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ሊታመም ይችላል። በአዋጅ 1156 ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቀላል ጉንፋን አያውጡት። ፈቃድ ይሰጡኛል አይሰጡኝም ሳይሉ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም የሚያስሮጡት ምልክቶች፦ መጥባት እምቢ ማለት፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ያልተለመደ መፍዘዝ፣ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባት። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነም እንዲሁ ነው። ልጅ ያዥዋ እነዚህን ማወቅ አለባት፤ ስልክም፣ የባጃጅ ገንዘብም እጇ ላይ ይኑር።

አሠሪ ነፍሰ ጡርን ወይም ከወለደች 4 ወር ያልሞላትን ሠራተኛ ሕጉ በጠባቡ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጭ ማሰናበት አይችልም። ይህ ከደረሰብዎ «ልጁ ትንሽ ይጠንክርና እከሳለሁ» አይበሉ፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። መጀመሪያ የከተማውን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የእርግዝና ክትትል ካርዱን፣ የመውለጃ ቀን ግምት የተጻፈበትን ማስረጃና አሠሪው የፈረመበትን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። የሕክምና ማስረጃው ከጠፋብዎ በካርድ ቁጥርዎ ከወለዱበት ተቋም መዝገብ ክፍል እንደገና መጠየቅ ይቻላል።